ዘፈናችን ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ለምን ያንሳል?

ለቀረጻ ወደ ቤቴ የሚመጡ ልጆች ሥራው ሲያልቅ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «ጋሼ፣ እባክህ ድምፁን ትንሽ ጎላ አድርግልኝ።» የሠርግ ዘፋኝም ይሁን የመንዙማ ቡድን፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ጭንቀቱ ያው ነው። ልጁ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ይወጣል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ «እስቲ ይቺን አስገባልኝ» ይላል። ከእሱ በፊት ሲጫወት የነበረው አዲስ አበባ የተሠራ ዘፈን ነው። የእሱ ሲጀምር ድምፁ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል፤ ሾፌሩም ምንም ሳይል እጁን ወደ ቮልዩሙ ይሰዳል። ልጁ ቅስሙ የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋበት ዜማ በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ የተናቀ ይመስለዋል።

እኔ ይህን ጥያቄ አክብሬ ነው የምመልሰው። «ሰሚው ራሱ ቮልዩም ይጨምር፣ ሙዚቃ ሁሉ መጮህ የለበትም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ጸጥ ባለ ክፍል በጥሩ ስፒከር ለሚሰማ ሰው እውነታቸውን ነው። ጅማ ላይ ዘፈን የሚሰማው ግን ከመርካቶ ወደ አጂፕ በሚበር ባጃጅ ውስጥ፣ ከሞተሩ ጋር እየተፎካከረ ነው። እዚያ ያልተሰማ ግጥም እንዳልተገጠመ ይቆጠራል።

የማልስማማው መፍትሔው ላይ ነው። ብዙዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ያሉ ስቱዲዮዎች እኛ ጋ የሌለ አንድ ፕላግኢን (ቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ሶፍትዌር) ያላቸው ይመስላቸዋል። የለም። ሊሚተሩ፣ ማለትም ጫፎቹን ጨፍልቆ ሌላውን ድምፅ ለማንሳት የሚያስችለው መሣሪያ፣ ያው ሊሚተር ነው፤ ላውድማክስ የሚባለው በነፃ ይወርዳል፣ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ዘፈን የሚጎላው መጨረሻ ላይ በሚጫንበት ነገር አይደለም፤ ከቅንብሩ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ ሲለቀቅለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያው። ዲጂታል ድምፅ ዜሮ ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ላይ ጣሪያ አለው፤ አዲስ አበባም ለንደንም ያለ ሰው ከዚያ አያልፍም። ታዲያ ሁለት ዘፈኖች ሁለቱም ጫፋቸው ዜሮ ነክቶ አንዱ ከሌላው በእጥፍ ጎልቶ የሚሰማው ለምንድን ነው? ጆሯችን የሚመዝነው ጫፉን ስላልሆነ ነው። የኪክ (የትልቁ ድራም) ምት ጫፉ የሚቆየው ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ ጆሮ ያንን ከቁብ አይቆጥረውም፣ ኮምፒውተሩ ግን ይቆጥረዋል። ጆሮ የሚሰማው አማካዩን ነው። ስለዚህ የዘፈንን ጉልህነት የሚወስነው በጫፉና በአማካዩ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ ባነሰ ቁጥር ዘፈኑ ይጎላል። ርቀቱ 18 ዴሲቤል የሆነ ሚክስና (የተደባለቀ ዘፈን) 10 ዴሲቤል የሆነ ሚክስ ጫፋቸው አንድ ቢሆንም፣ ባለ 10ሩ ይጮሃል፣ ባለ 18ቱ ያንሾካሹካል።

ይህን አማካይ ለመለካት ሉፍስ የሚባለው መለኪያ አለ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መስፈርት ላይ የተመሠረተ ነው። በሉፍስ የሚለካው ዩሊን ላውድነስ ሜትር በነፃ ስለሚገኝ ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ የሚደመርበት) ላይ አስቀምጡት። ጫፉ ጣሪያ ሲነካ የሚበራውን ቀይ መብራት ብቻ እያዩ ሚክስ የሚያደርጉ ልጆች ይህን አንድ መለኪያ ሲጨምሩ ብዙ ነገር ይገለጥላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ታችኛው ድምፅ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሄርትዝ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል) ባለው አካባቢ በጣም ንቁ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይደነቁራል። ቀስ ብሎ የሚጫወት የ1 ሺህ ሄርትዝ ድምፅን የሚያክል የ50 ሄርትዝ ድምፅ ለመስማት ከ30 ዴሲቤል በላይ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ ማለት ቤዙ ብዙም ሳይሰማ ጣሪያውን በሙሉ ይበላዋል ማለት ነው። ሚኒባስ ላይ የቡና ጆንያ ከምሮ ሰው እንደማስቆም ነው፤ መኪናው ሞልቷል፣ የተሳፈረው ግን ጥቂት ነው። የባጃጅ ስፒከር ደግሞ ያንን ታችኛውን ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም። ቦታው ተይዟል፣ ሰሚ ግን የለም።

በቅርቡ የሠራሁት የሠርግ ዘፈን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጁ ሌላ ቦታ አሠርቶት ነበር፤ ትራኮቹን፣ ማለትም የእያንዳንዱን መሣሪያ ቀረጻ፣ ለየብቻ ይዞልኝ መጣ። ፈጣን ችክችካ ነው፣ ድምፁ ደግሞ እጅግ ያማረ ነው። ማስተሩ ላይ የነበረው ሊሚተር 9 ዴሲቤል እየጨፈለቀ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ዘፈኑ ያንሳል። ሊሚተሩን አጠፋሁና ትራኮቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን ሰማሁ። ኪኩ 60 ሄርትዝ አካባቢ ይመታል። ከኪቦርድ የተወሰደው ከበሮም እዚያው ነው። ቤዙም እዚያው ነው። ሦስቱም በአንድ ምት ላይ ሲያርፉ ማስተሩ ይዘላል፣ ሊሚተሩ ይነክሰዋል፣ አብሮም የልጁን ድምፅ ወደ ታች ይጎትተዋል። ድምፁ በእያንዳንዱ ምት ሲሰምጥ በጆሮ ይሰማ ነበር።

ያደረግኩት ይሄ ነው። ታችኛውን ቦታ ለኪኩ ሰጠሁ። ከበሮውን ከ100 ሄርትዝ በታች በሃይፓስ (የታችኛውን ድምፅ በሚያስወግድ ማጣሪያ) ቆረጥኩት፤ የከበሮ ውበቱ ቆዳው ላይ የሚያርፈው የመዳፍ ድምፅ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዚያ በጣም በላይ ነው። ቤዙን ኪኩ በመታ ቁጥር 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል በሳይድቼይን አሰርኩት። ከዚያ ቤዙ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን ጨመርኩበት። ሳቹሬሽን ከዋናው ድምፅ በላይ ሃርሞኒክስ ይፈጥራል፤ የ80 ሄርትዝ ቤዝ 160፣ 240፣ 320 ላይ ልጆች ይወልዳል። ትንሽ ስፒከር 80ውን ባያወጣም ልጆቹን ያወጣል፣ አእምሯችንም ከእነሱ ተነሥቶ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላዋል። ቤዙ በስልክ የማይሰማን ዘፈን በስልክ የሚያሰማው ይህ ነው እንጂ ቤዝ መጨመር አይደለም።

ሊሚተሩን መልሼ ሳስገባው 2 ዴሲቤል ብቻ እየነካ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጎልቶ ወጣ። ልጁ ፍላሹን ይዞ ወጣ፤ እኔም ለመስማት አብሬው ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ የእኛ ሲገባ እጁን ከመሪው አላነሳም። እኔ የምፈልገው ፈተና ያ ነው። የትኛውም መለኪያ የማይነግረኝን ያ እጅ ይነግረኛል።

በነገራችን ላይ ሃይፓስን ለሁሉም ትራክ ተጠቀሙ። የወንድ ድምፅ ከ80 ሄርትዝ በታች የሚጠቅም ነገር የለውም፤ የሴት ደግሞ እስከ 120 እና ከዚያም በላይ መቁረጥ ይቻላል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ሁሉም ከታቸው የማይክ ዘንግ ንዝረት፣ የእግር ኮቴ፣ የመንገድ ጉርምርምታ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ብቻውን አይሰማም፤ አሥራ አምስት ትራክ ሲደመር ግን ጭቃ ይሆናል።

ወደ ዘፋኙ ድምፅ ስመጣ አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ። ከኢንተርኔት የምናያቸው ትምህርቶች ስለ «ፕ» ፍንዳታና ስለ «ስ» ፉጨት ብቻ ነው የሚያወሩት፤ የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ዘፈን ስለሆነ ነው። እኛ ግን ጥ፣ ቅ፣ ጭ እና ጽ አሉን። እነዚህ ጉሮሮ ተዘግቶ አየር ከታመቀ በኋላ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው፤ ከፍንዳታው በኋላ አጭር ጸጥታ ይመጣል፣ ከዚያ አናባቢው ይከተላል። አንድም የፍቅር ዘፈን ያለ «ቅ» አይዘፈንም። የጎላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው ኮምፕረሰር ፍንዳታው አጭር ስለሆነ ያመልጠዋል፤ በዚያች ጸጥታ ደግሞ ይለቅና የአናባቢውንም መነሻ ሳይዝ ያሳልፈዋል። ግጥሙ ጎልቶ እንዲሰማ ከ3 ሺህ ሄርትዝ በላይ ያለውን በኢኪው (በድምፅ ማመጣጠኛ) ስንጨምርበት ደግሞ ፍንዳታዎቹ ይበልጥ እየሾሉ ይሄዳሉ። እኔ ኮምፕረሰር ከማስገባቴ በፊት ሪፐር በሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም ላይ ሞገዱን አጉልቼ፣ የሾሉትን ፍንዳታዎች አንድ በአንድ በእጅ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አደርጋቸዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል፣ ግን ከየትኛውም ፕላግኢን የበለጠ ውጤት ያየሁበት ሥራ ነው። ፈጽሞ አታጥፏቸው፤ ፍንዳታው ከጠፋ ዘፋኙ ምላሱ የታሰረ ይመስላል።

ከዚያ ኮምፕረሰሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ ጫፎቹን ብቻ 3 ዴሲቤል ያህል ይነካል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው፣ ጠቅላላውን ድምፅ ያስተካክላል። አንዱን 6 ዴሲቤል ከማስጨፍለቅ ሁለቱ በሦስት በሦስት ቢካፈሉት ዘፋኙ ሳይታፈን ከፊት ይቀመጣል። መንዙማ ስቀርጽም ዘዴዬ ያው ነው፤ ልዩነቱ መሪው ሲያዜምና ተቀባዮቹ ሲመልሱ ያለው የድምፅ ርቀት ሰፊ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መሪውንና ተቀባዮቹን በተለያየ ማይክ እቀርጻቸዋለሁ። ድቤውን ደግሞ ከእነሱ አርቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ድቤ በሰው ማይክ ውስጥ ከገባ ድምፁን ባነሳሁ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሳል።

ይህ ደግሞ ወደ ዝናብ ያመጣኛል። ጅማ ላይ ያለ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲመታ እንኳን ማይክ ጆሮም አይሰማም። ስስ ካፊያ ግን የባሰ አታላይ ነው። ሲቀረጽ አይታወቅም። ሚክሱን ለማጉላት በኮምፕረሰርና በሊሚተር 10 ዴሲቤል ስንጨምቅና ስናነሳ ግን፣ ከድምፁ ኋላ ያለው ካፊያ፣ የማቀዝቀዣው እዝታ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር 10 ዴሲቤል አብሮ ይነሳል። ጎላ ያለ ሚክስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቀረጻ ያስፈልገዋል። እኔ ኮርኒሱ ላይ ወፍራም ፍራሽ አንጥፌያለሁ፤ ለካፊያ ይረዳል፣ ለዶፍ ግን ምንም አይበጅም፤ ዶፍ ሲጥል ቡና አፍልተን እንጠብቃለን። የመብራቱ የ50 ሄርትዝ እዝታም እንዲሁ ነው። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ስትቀርጹ ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ እዝታው አብሮ ይነቀላል።

ስትቀርጹም ቀዩን ለመንካት አትጣሩ። ዝቅ ያለውን ድምፅ እንኳ በጥራት በሚይዘው በ24 ቢት የምንቀርጽበት ዘመን ነው፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም። ቀረጻው ላይ ጣሪያውን ነክቶ የተበላሸ ድምፅ ግን መድኃኒት የለውም።

ስለ ቅንብር ከአቀናባሪዎች ጋር ብዙ ጊዜ እንከራከራለን። ኪቦርዱ ሁሉንም ስለሚያወጣ ሁሉንም እናስገባለን፤ ስትሪንግ አለ፣ ፓድ (ከኋላ የሚነጠፍ ረዥም ድምፅ) አለ፣ ሳክስ አለ፣ ክራር አለ፣ ከበስተኋላው ማሲንቆ። ሁሉም የሚጫወቱት የዘፋኙ ድምፅ በሚኖርበት መካከለኛው ቦታ ነው። ማሲንቆ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ የሚመስለው ያ ቃናው ጆሮ በጣም በሚነቃበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ዘፋኙ ሲዘፍን አብሮት ከተጫወተ ሁለቱም ያንሳሉ። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ ማሲንቆው ቢመልስ ግን ሁለቱም ሙሉ ድምፃቸውን ያገኛሉ። የድሮ አዝማሪ ይህን ያለ ኢኪው ያውቀው ነበር፤ የሚጫወተው ራሱ፣ የሚዘፍነው ራሱ ነውና መቼ ገታ እንደሚያደርገው እጁ ያውቃል። ፓዱን ለጥቂት ጊዜ አጥፉትና ስሙ። ማንም ካልናፈቀው አይመለስ።

ስፋትም እንዲሁ ያሳስታል። የኪቦርድ ድምፆች በስቴሪዮ ማስፊያ ሲለጠጡ በሄድፎን ያምራሉ። ባጃጅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ስፒከር ነው፣ ብዙ ስልኮችም በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደምረው) ነው የሚያሰሙት። ግራውና ቀኙ ተገላቢጦሽ ከሆኑ ሞኖ ላይ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ የተከፈለበት ክራር ከዘፈኑ ይወጣል። ማስተሩ ላይ የሞኖ ቁልፍ አለ፤ በየጊዜው እየተጫናችሁ ምን እንደጠፋ ስሙ።

ክፍሉን በአጭሩ ልለፈው። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 57 ሄርትዝ አካባቢ የራሱ ጉርምርምታ አለው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቤዙ ይጎርፋል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ ይህን አይነካውም። እኔ ጥጎቹ ላይ ጥጥ የሞላሁባቸው ጆንያዎች ከወለል እስከ ኮርኒስ ከምሬያለሁ፤ መካከለኛውን አጽድቶልኛል፣ ቤዙን ግን አሁንም በሄድፎን ነው የምፈትሸው።

መጨረሻ ላይ ሊሚተሩ ይመጣል። እስከዚህ በትክክል ከተሠራ ሥራው ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይነካል፣ ጣሪያው ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ላይ ይቀመጣል። ያቺ 1 ዴሲቤል የምትቀረው ፋይሉ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ትንሽ ስለሚያልፉ ነው። ከሌላ ዘፈን ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ ያንን ዘፈን ሪፐር ውስጥ አስገቡና ከእናንተው ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ አድርጉት። የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ እኩል ሳይደረግ የሚደረግ ውድድር ፍርደ ገምድል ነው።

የምሰጣችሁ ፋይል ሁለት የሚሆነውም በምክንያት ነው። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ዘፈኑን ለክተው ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ አካባቢ ያስተካክሉታል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ዘፈኑ ይጎላል ማለት ነው። 8 ሉፍስ ድረስ ተጨፍልቆ የወጣን ዘፈን ዩቲዩብ 6 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል፤ ጉልህነቱ ይወሰዳል፣ የተጨፈለቀው ምት ግን አይመለስም። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ብትከፍቱ፣ «ኮንተንት ላውድነስ» ከሚለው ጎን ስንት ዴሲቤል እንደተቀነሰባችሁ ታገኛላችሁ። ፍላሽና ቴሌግራም ግን ምንም አያስተካክሉም፤ ፋይሉ እንዳለ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ለባጃጁ 9 ወይም 10 ሉፍስ የሚደርስ፣ ለዩቲዩቡ ደግሞ ምቱ የሚተነፍስ 13 ወይም 14 አካባቢ ያለ ሌላ ያለቀ ፋይል አወጣለሁ። የፋይሉ ስም ላይ «ፍላሽ» እና «ዩቲዩብ» ብዬ እጽፍበታለሁ፤ እባካችሁ ስትጭኑ አታቀያይሯቸው።

ሌላ ቦታ ቀርጻችሁ ለእኔ የምትልኩ ደግሞ ማስተሩ ላይ ያለውን ሊሚተር አጥፉት፣ ጫፉን ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ አድርጉት፣ በ24 ቢት ዌቭ ፋይል አውጡልኝ። ኪኩ፣ ከበሮው፣ ቤዙና ድምፁ ለየብቻቸው ቢመጡልኝ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ከተደባለቀ በኋላ ከበሮን ከቤዝ የሚለይ እጅ የለኝም።